ለብርጭቆ ቡፌ፣ ለወረቀት ፌስታል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ትንሿን ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀቷ ተፈለገ። እኛ ቤት ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ፍራሽ ሥር ያለው ትልቁ ፌስታል። አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። የቤት ኪራይ ውል፣ የክትባት ካርድ፣ የውሃ ቢል፣ የእድር ደብተር፣ ጊዜው ያለፈበት የፍሪጅ ዋስትና፣ ማን እንደጻፈው የማላውቀው የስልክ ቁጥር። ዋናው ዲፕሎማዬም እዚያው አለ፤ ጥጉ ላይ የዘይት ጠብታ አርፎበታል። የልደት ወረቀቷ ግን የለችም።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞር አለችና «ለብርጭቆ ቡፌ አለን፤ ለወረቀት ፌስታል» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ወረቀቷ በማግስቱ ከአንድ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ ተገኘች፣ ልጅቷም ተመዘገበች። እኔ ግን ያቺ አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣችም። እውነት ነው እኮ። በዓመት ሁለቴ ለማንጠቀምበት ብርጭቆ ባለ መስታወት ቤት ሠርተንለታል። ማንነታችንን፣ ቤታችንን፣ ልጆቻችንን የሚያስመሰክርልን ወረቀት ግን ፍራሽ ሥር ነው።

ስለዚህ ጠረጴዛ መፈለግ ጀመርኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ ቦታ የሚበላ ነገር አይሆንም። ያለን አንድ ጠረጴዛ ምሳ ይበላበታል፣ ልጆቹ ያጠኑበታል፣ ማታ ደግሞ እኔ ፈተና አርምበታለሁ። አንድ ቀን ከሀገር ሲወጡ ዕቃቸውን የሚሸጡ ሰዎች ግቢ ውስጥ የምፈልገውን አየሁት። ሲዘጋ አጭር ቁም ሳጥን ይመስላል። ከላይ ያለውን ክዳን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ወደ ታች ወርዶ መጻፊያ ይሆናል። ከሥሩ ሁለት እንጨቶች እንደ መሳቢያ ተስበው ይወጡና ይደግፉታል። ውስጡ በትናንሽ ክፍሎች የተሞላ ነው፤ ከታች ደግሞ ሦስት ትልልቅ መሳቢያዎች አሉት። ዋጋው ከእኔ አቅም በላይ ነበር፤ ቆሜ እያየሁም ሌላ ሰው ገዛው። ሻጯን «ስሙ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃት «ቢሮ» አለችኝ።

የታሪክ መምህር ዕቃ ሲገዛ ጣጣ ነው። ቤቴ ስገባ ክዳኑን ረስቼ ስሙን መቆፈር ጀምሬ ነበር።

*

ከራሱ ከጠረጴዛ እንነሳ። ቃሉ ሥሩ የግሪክ ነው፤ ትራፔዛ። ዛሬ ግሪክ ሀገር ሄዳችሁ «ትራፔዛ የት ነው?» ብትሉ ግን የሚያሳዩአችሁ ባንክ ነው። የጥንቶቹ ገንዘብ ለዋጮች ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠሩ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ባንክ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛው ባንኮ የመጣ ነው፤ አግዳሚ ማለት። የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስትርም እስከ ዛሬ ማዕረጉ የኤክስቼከር ቻንስለር ነው። ኤክስቼከር የሚለው ስም የመጣው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ገቢ ሲቆጠር ጠረጴዛው ላይ ከሚነጠፈው፣ እንደ ቼዝ ገበታ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ከተደረገው ጨርቅ ነው። (ከዚህ በታች የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቢሮም ታሪክ ከጨርቅ ይነሳል። በድሮ ፈረንሳይ ቡሬል ወይም ቡር የሚባል ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ መነኮሳትም ይለብሱት ነበር። ጸሐፊዎችና ገንዘብ ቆጣሪዎች ይህን ጨርቅ ጠረጴዛቸው ላይ ያነጥፉ ነበር። ቀስ እያለ የጨርቁ ስም ወደ ጠረጴዛው ተላለፈ። ከጠረጴዛው ጠረጴዛው ወዳለበት ክፍል፣ ከክፍሉ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ወደሚሠራው መሥሪያ ቤት አለፈ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቬንሳን ደ ጉርኔ የተባለ የፈረንሳይ የንግድ ሹም በነገሩ ተማርሮ፣ በቢሮ ላይ አገዛዝ የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል ለጥፎ «ቢሮክራሲ» አለ ይባላል። የጠረጴዛ አገዛዝ ማለቱ ነው።

እኛ ጋር ቃሉ ሲደርስ መንገዱን ጨርሶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ቀጥሎም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈትና የባቡር ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ፣ የዘመናዊነት ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃር የምንለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ነው። ቢሮም በዚያው በር ገባ፤ ቡፌም እንዲሁ። ዛሬ ታዲያ «ትምህርት ቢሮ» እንላለን፣ «ቢሮው ወስኗል» እንላለን። ጨርቅ የነበረው ነገር ወሳኝ ሆኖ ቁጭ አለ። እኛ ያልደረሰን የመሃሉ ትርጉም ነው፤ በአንድ ቤት ጥግ ቆሞ የዚያን ቤት ወረቀት የሚጠብቅ ጠረጴዛ።

ቡፌውን ተቀብለን ቢሮውን ለመንግሥት ተውነው ብል አልተጋነነም።

*

አሁን ወደ ክዳኑ እንምጣ። ወደ ታች የሚከፈት ፊት ያለው የጽሕፈት ዕቃ ጎልቶ የሚታየው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ነው። ዛሬ ባርጌኞ በሚባል ስም የሚታወቀው ማለት ነው፤ ስሙ ግን ኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለጠፈበት ነው። ከውጭ ሲታይ ብረት የተለበጠበት ድፍን ሳጥን ነው። ሲከፈት ግን ውስጡ በወርቅ ቅብና በአጥንት ያጌጡ ብዙ ትናንሽ መሳቢያዎች አሉት። በሁለቱ ጎኖቹ ጠንካራ እጀታ ተደርጎለታል።

እጀታው ለምን? የስፔን ቤተ መንግሥት እስከ 1561 ድረስ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወር ነበር። በዚያ ዓመት ነው ዳግማዊ ፊሊፕ ማድሪድ ላይ ያረጋው። ሹሙ፣ መኳንንቱ፣ ነጋዴው ሲጓዝ ወረቀቱም አብሮት ይጓዛል። ሳጥኑን ሁለት ሰው በእጀታው ይሸከመዋል፤ የደረሱበት ቦታ መቆሚያው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከመቆሚያው ሁለት እንጨት ይሳባል፤ ክዳኑ እላዩ ላይ ያርፋል። በቃ፣ መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ሲመሽ ይዘጋል፣ ይቆለፋል። እኔ ግቢው ውስጥ ያየሁት ዕቃ በመሠረቱ ይሄው ነው፤ እጀታው ቀርቶ ከታች መሳቢያ ተጨመረለት እንጂ።

እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ተዳፋት ክዳን ያለውን የጽሕፈት ሳጥን በባለ መሳቢያ ዕቃ ላይ አሳርፈው ቋሚ የቤት ዕቃ አደረጉት። ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሠሩና ሴክሬቴር አሉት። ይቺ ቃል ደግሞ ጉደኛ ናት። ሴክሬቴር ማለት ጸሐፊ ነው፤ ሥሩ ግን ሚስጥር ነው። ጸሐፊ ማለት ሚስጥር ጠባቂ ማለት ነበር። ሰውየውም ዕቃውም አንድ ስም ይዘው ቀሩ። የዘመኑ አናጺዎችም ስሙን አላሳፈሩትም። ከመሳቢያ ኋላ መሳቢያ፣ ከጌጥ ምሰሶ ውስጥ ባዶ ቦታ እየሠሩ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው መደበቂያ ያበጁ ነበር።

የዚህ ሥራ ጫፍ የሉዊ 15ኛ ጠረጴዛ ነው። ዣን ፍራንሷ ኦቤን በ1760 ጀመረው፤ እሱ ሳይጨርሰው ሞተና ዣን ሄንሪ ሪዝነር በ1769 ፈጸመው። ዛሬም ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይታያል። የዚህኛው ክዳን ወደ ታች አይወርድም፤ እንደ በርሜል ጎን ክብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ቁልፉን አንዴ ማዞር ክዳኑንም መሳቢያዎቹንም አንድ ላይ ይከፍታል፣ አንድ ላይ ይዘጋል። ከሁሉ የሚገርመኝ የቀለም ቀንዱ ነገር ነው። አገልጋዮች ከጎን በኩል ባለች ትንሽ መሳቢያ ቀለም ይሞላሉ እንጂ የንጉሡን ወረቀት አያዩም። ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ሥራ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያነበውን ለመጠበቅ።

ተከታዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ደግሞ ራሱ የቁልፍ ሥራ ይወድ ነበር። ጋመን የተባለ ቁልፍ ሠሪ ያስተምረው ነበር። አብዮቱ ሲፋፋም ንጉሡ በቱለሪ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ውስጥ የብረት በር ያለው ድብቅ ሳጥን በዚሁ ሰው አሠራ፤ ወረቀቶቹንም እዚያ ሸሸገ። በኅዳር 1792 ጋመን ሄዶ ለሚኒስትሩ ተናገረ። ግድግዳው ተከፈተ፤ ወረቀቶቹ በንጉሡ ላይ በቀረበው ክስ ማስረጃ ሆኑ፤ ጥር 21 ቀን 1793 ንጉሡ በጊዮቲን ተቀላ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ከኋላ አንድ ተማሪ «ታዲያ ለምን አላቃጠላቸውም?» ይላል። መልሱን አላውቅም እላለሁ። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሚስጥር የሚባለው ነገር መጨረሻው ሁለት ሰው ነው፤ ባለቤቱና ቁልፍ ሠሪው። የገዛ ቤተሰብህ የማያውቀውን ሌላ ሰው ያውቀዋል።

*

እኛስ? የእኛ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ አልነበራቸውም። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር የሚጽፉት፤ ያለቀው መጽሐፍ ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አትሮኖስ የነበረን ለማንበቢያ እንጂ ለመጻፊያ አይደለም። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ወረቀት የሚያስቀምጡበት አልነበራቸውም» ሊል ይችላል። ነበራቸው፤ እንዲያውም በጣም የሚገርም።

የርስትና የጉልት ስጦታ ሲሰጥ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ መሬት ሲሸጥና ሲለወጥ፣ ውሉ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። በተለይ ወንጌሉ ላይ። ወንጌል ዘወርቅ የሚባሉት የታላላቅ አድባራት መጻሕፍት የቃለ ወንጌል ብቻ ሳይሆኑ የመሬት መዝገብም ናቸው። ሰጪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ በወቅቱ ማን ማን ሹመት ላይ ነበር፣ ምስክሮቹ እነማን ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት።

ከሉዊ 15ኛ ጠረጴዛ ጋር አስተያዩት። እዚያ ወረቀት የሚጠበቀው ማንም እንዳያየው በማድረግ ነው። እዚህ የሚጠበቀው ብዙ ሰው እንዲያውቀው በማድረግ ነው። ወንጌሉን ሰርቆ ገጹን መቅደድ ይቻል ይሆናል፤ የምስክሮቹን ልጆችና የደብሩን ካህናት ግን መቅደድ አይቻልም። ጉዳት አልነበረውም አልልም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል መዝገቡም አብሮ ይቃጠላል። ግን አንድ ሰው ስለሞተ ብቻ ውሉ አይጠፋም ነበር።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

*

አባዬ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረው። ሰማያዊ፣ ጥግ ጥጉ የዛገ፣ አልጋው ሥር የሚቀመጥ። የቤቱ ወረቀት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። የአባዬ ትውልድ ወረቀት የሚፈራ ትውልድ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ወጣት ነበር። በአንድ ሌሊት የቤት ባለቤትነት ትርጉሙ ሲለወጥ አይቷል። ከዚያ በኋላ የግብር ደረሰኝ ሲጥል አላየሁትም። ቁልፉን ከማዕተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያስረው ነበር። እማዬ ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ያንን ሳጥን ከፍታ አታውቅም። ስለማያምናት አይመስለኝም። ወረቀት የአባወራ ነገር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው እንጂ።

አባዬ ሲያርፍ ቁልፉ ከማዕተቡ ጋር አብሮት ተቀበረ። ማንም ልብ አላለም። ትዝ ያለን ከአርባው በኋላ ጡረታው ወደ እማዬ እንዲዞር ወረቀት ስንጠየቅ ነው። ሳጥኑን በመዶሻ ሰበርነው። ደረሰኞቹ በየዓመታቸው በክር ታስረው ተቀምጠዋል፤ የጡረታ ደብተሩ አለ፤ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ሳይቀር አለ። የቤቱ ካርታ ግን የለም።

የት ሄደ? ማን ያውቃል። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈለግን። አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፤ ማኅደሩን ፈልገን እናሳውቃችኋለን ተባልን። ስንመለስ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ከመጀመሪያ ጀመርን። እማዬ በዚያ ዓመት ወረፋ ላይ ቆማ ያረጀችው ይበልጣል። ሌሊት እየተነሳች የሰበርነውን ሳጥን እንደገና ትፈትሻለች፤ ሥሩን ታንኳኳለች።

በመጨረሻ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የእድሩ ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ቤት መጥተው ቡና ስትጠጡ ወሬው ተነሳ። «ካርታው?» አሉ። «ካርታውማ እገሌ ጋ ነው። ያኔ ገንዘብ ሲበደረው በመያዣ ሰጠው እኮ። እኔ ነኝ ምስክሩ።» ብድሩ ከተከፈለ ቆይቷል፤ ካርታው ግን ሳይመለስ ቀርቷል። በማግስቱ ሄደን ተቀበልን። ሰውየውም በደህና አስቀምጦት ነበር፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው። እማዬ ካርታውን ይዛ መንገድ ላይ ቆማ «አንዲት ቃል ብቻ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። እስካሁን አልረሳትም።

ሳጥኑ በደንብ ተቆልፎ ነበር። ቤታችንን ያዳነው ግን ሳጥኑ ሳይሆን ምስክሩ ነው።

*

ስለዚህ ጠረጴዛ ስመርጥ የምፈልገው የሉዊን አይደለም። ከውሃ፣ ከዘይት፣ ከአይጥና ከእንግዳ ዓይን የሚጠብቅ፣ ለቤቱ ሰው ግን ክፍት የሆነ ነገር ነው የምፈልገው። እዚህ ላይ ደግሞ ከታሪኩ አንድ የመጨረሻ ትምህርት አለ።

በ1874 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ዊሊያም ዉተን የተባለ ሰው አንድ ግዙፍ ጠረጴዛ የፈጠራ መብት አወጣበት። ሁለት ወፋፍራም በሮቹ ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ፤ መሃሉ ላይ ወደ ታች የሚወርድ መጻፊያ አለ፤ በሮቹም መሃሉም በትናንሽ ቀዳዳ ክፍሎች የተሞሉ ናቸው። ፕሬዚዳንት ግራንትና ባለ ነዳጁ ሮክፌለር ከባለቤቶቹ መካከል ነበሩ። አንድ ሰው ተቀምጦ የንግዱን ወረቀት በሙሉ በእጁ ይደርስበታል፤ ሲነሳ ቆልፎት ይሄዳል። ዓላማው ያ ነበር። ግን ብዙ አልዘለቀም። ለምን? ትናንሾቹ ክፍሎች የተሠሩት ታጥፎ ለሚገባ ደብዳቤ ነው። የጽሕፈት መኪናና የካርቦን ግልባጭ ሲመጡ ወረቀቱ በዛ፤ ሳይታጠፍ በፎልደር መቆም ጀመረ። ያኔ ባለ ትልልቅ መሳቢያው የፋይል ካቢኔት መጣና ጠረጴዛው ገበታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ሌላውም ሊያገኘው ወደሚችልበት ቦታ ሄደ ማለት ነው።

እኔም የዉተንን ስህተት ላለመድገም መጀመሪያ ያደረግኩት ፌስታሉን አራግፎ መለካት ነው። የእኛ ወረቀት አብዛኛው ኤ-ፎር ነው፤ 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር። ግቢው ውስጥ ያየሁት የሚያምር ጠረጴዛ ክፍሎቹ ከእጄ መዳፍ የሚሰፉ አልነበሩም። ዲፕሎማዬን አራት ቦታ ማጠፍ ሊኖርብኝ ነበር። ሌላ ሰው ስለገዛው ዛሬ ቅር አይለኝም።

ንድፉን በደብተር ወረቀት ስዬ ሰፈራችን ላሉ አንድ አንጋፋ አናጺ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና «ቲቸር፣ ይሄ ቁም ሳጥን ነው ጠረጴዛ?» አሉኝ። «ሁለቱም ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው የሁለት ዋጋ ትከፍላለህ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን አወሩኝ። ማሠራት ወይም ያገለገለ መግዛት ለምታስቡ የተግባባንበትን ልንገራችሁ።

የዚህ ዕቃ ሕይወቱ ክዳኑ ነው። ሰው ክንዱን ይደገፍበታል፣ ልጅ ይንጠለጠልበታል። ማጠፊያው ብቻ ከተሸከመው ቡሎኑ ተነቅሎ ይወጣል፤ በቺፕውድ ላይ ከሆነ ደግሞ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይይዝም። ስለዚህ ከሥሩ ተስበው የሚወጡት ሁለት ድጋፎች የግድ ናቸው፤ ርዝመታቸውም ከክዳኑ ስፋት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን መሸከም አለበት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከምንም በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ የማጠፊያውን ሥር እዩ። እንጨቱ ተሰንጥቆ በሙጫ ከተለጠፈ የቀድሞው ባለቤት ድጋፉን ሳይስብ ይከፍት ነበር ማለት ነው። እኔ ክዳኑን ሙሉውን ከዋንዛ ላሠራው ነበር። አናጺው አልተስማሙም። ሰፊ ጣውላ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይጣመማል፣ ያኔ አይገጥምም አሉ። ክዳኑ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያውና እግሩ ዋንዛ እንዲሆን ተስማማን።

ከፍታው ክዳኑ ሲወርድ ከወለል 74 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ተራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለመጻፍ ይመቻል። ጥልቀቱ ሲዘጋ 42፤ ሲከፈት ወደ 85 ይደርሳል። ከፊቱ ለወንበርና ለሰው ማለፊያ ስትጨምሩ ቦታው የሚለካው ሲዘጋ ሳይሆን ሲከፈት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብለውኛል። ውስጡን ከሃያ ትናንሽ ክፍሎች ይልቅ ፎልደር ቆሞ የሚገባባቸው ስድስት ክፍሎችና ሁለት ትናንሽ መሳቢያዎች አደረግነው። ክዳኑና የላይኛው መሳቢያ አብረው ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ለድርድር አይቀርብም። ተከራይ ስለሆንኩ አከራያችንን አስፈቅጃለሁ። ጀርባው ደግሞ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ጣት ይርቃል፤ የክረምት እርጥበት ወረቀት ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ይህ ጠረጴዛ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ክዳኑን ለመዝጋት ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ማንሳት አለባችሁ። ክምር የሚወድ ሰው ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ይተወዋል፤ ያኔ ቦታ የሚበላ ጠረጴዛ ብቻ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ማታ ልዘጋው ስል እጄ ላይ ያለችውን ደረሰኝ አንድ ቦታ ማስገባት ግድ ይለኛል። «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ክፍል አላሠራሁም።

«አሁን ሁሉም በስልክ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የምትሉ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መብራቱንም ውሃውንም በስልክ እከፍላለሁ። ግን ስልኩም የተቆለፈ ሳጥን ነው፤ ቁልፉም አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ነገሩ ከማዕተብ ወደ ሚስጥር ቁጥር ተዛወረ እንጂ አልተለወጠም።

ቁልፉን በተመለከተ አናጺው «ስንት ቁልፍ ላውጣለት?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት አልኳቸው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት እንለጥፋለን። የትኛው ወረቀት በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ ለማን ምን እንዳበደርን፣ ከማን ምን እንደተበደርን፣ በመያዣ ወይም በውሰት የወጣ ሰነድ ካለ ማን ጋ እንዳለና ምስክሩ ማን እንደሆነ። የወንጌሉ ኅዳግ ማለት ነው፤ ግዝቱ ቀርቶ።

ጠረጴዛው የሚደርሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ከወዲሁ የመጀመሪያውን ክፍል ይዛለች፤ የልጆቹ ነው ብላለች። ፌስታሉን ግን አልጣልኩትም፤ ገና ሙሉ ነው።

ትናንት ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ስለ ዋንዛው አልጠየቀችኝም፤ ስለ ዋጋውም አልጠየቀችኝም። «ለሚስትህ ቁልፍ ሰጠሃት?» ብቻ ነው ያለችው።

እናንተም ዛሬ ማታ አንዴ ጠይቁ። አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ ባላችሁን፣ ሚስታችሁን። «ወረቀቱ የት ነው?» በሉ። ሰው ደኅና እያለ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።